ከተፈታ አይቀር

በጋራዥ ቋንቋ ሰርቪስ የሚባለው፣ መኪና ሳይበላሽ ጊዜውን ወይም የተጓዘውን ርቀት ጠብቆ የሚደረግለት እንክብካቤ ሲሆን፣ የሞተር ዘይት መቀየርን፣ ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮ መለወጥን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ማየትን፣ የፍሬን ሸራ ውፍረት መመርመርንና በየመገጣጠሚያው ግራሶ መሙላትን ያጠቃልላል። ተግባሩ ከመኪናው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ላይ ሲነበብ እጅግ ሰላማዊ ነው፤ ከጥቂት መፍቻዎች በላይ የማይጠይቅ፣ ባለቤቱ ቡና ጠጥቶ እስኪመለስ የሚያልቅ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጎንደርም ሆነ በሌላ የአገሪቱ ከተማ መኪና ይዞ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ወደ ጋራዥ በገዛ ጉልበቱ የገባ መኪና ተገፍቶ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረውም ያን ሰላማዊ ሥራ የሳምንታት ጭቅጭቅ የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በሜካኒኩ ላይ መደፍደፍ የተለመደ፣ ለባለ መኪናውም የሚያጽናና ፍርድ ነው፤ ሆኖም ችኮላ አለበት፤ ሙያው እጅግ በተራቀቀበት አገርም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለምና። የስፖርት መኪና የሚባለው፣ ማለትም ሰውና ዕቃ ከማድረስ ይልቅ ለፍጥነትና ለመታየት የሚሠራው፣ ወለሉ ለመሬት የቀረበና ሞተሩ በጠባብ ቦታ የታጨቀ መኪና ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ፌራሪ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 ባመረተው ኤፍ 355 በተባለው መኪና ላይ፣ የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማው ባለጥርስ ቺንጋ ጊዜው ደርሶ ሊቀየር ሲል፣ ሞተሩ በሙሉ ከመኪናው መውረድ አለበት። ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ ዘይቱን የሚያፈስሰው በአንድ ብሎን ሳይሆን በ16 ብሎኖች ሲሆን፣ ለአንድ ጊዜ ዘይት ቅያሪ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚጠየቅ በሰፊው ተዘግቧል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ መኪኖች አንዳች ብልሽት ያልደረሰባቸው መሆኑ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ደህና ሆነው ሳለ ነው።

ጎንደር ውስጥ ለቡጋቲ የሚሆን ጋራዥ መፈለግ የዋህነት ነው፤ የከተማዋን ጎዳና የያዙት ባጃጅ፣ ሚኒባስና ቪትዝ ናቸው። በኢትዮጵያ የስፖርት መኪናን ማዕረግ በሕዝብ ድምፅ የያዘችው ዲኤክስ ናት፤ እርሷም ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ማምረት የጀመረው የኮሮላ ትውልድ አካል፣ የኋላ ጎማዋ የሚነዳ፣ 1,290 ሲሲ ሞተር የተሸከመች፣ ስትወለድ የቤተሰብ መኪና እንድትሆን ብቻ የታሰበች ትሑት ፍጥረት ናት። የአዲስ አበባ ወጣቶች ግን ሞላዎቿን አሳጥረው ወደ መሬት ያወርዷታል፣ ሰፋፊ ጎማ ያስገጥሙላታል፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ በሌላ ለውጠው እንድታገሣ ያደርጓታል፤ በዚህም የተነሣ ዲኤክስ ከመድረሷ አስቀድሞ ድምፅዋ የሚደርስ መኪና ሆናለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ርስት ጠብቆ መያዝ ከፍቅርም አልፎ ግዴታ መስሏል።

ይህች መኪና ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ተነሥታ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዳና ወጥታ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ጎንደር ትገባለች እንበል። በዓሉ በፋሲል መዋኛ ከተከበረ በኋላ ባለቤቷ በሰሜን ተራሮች ጀርባ፣ በጃን አሞራ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ብርሃን፣ ዘመድ ስላለው ወደዚያ ለመውጣት ያስባል፤ አስተዋይ ሰው በመሆኑም አቀበቱን ከመጀመሩ በፊት «ለጥንቃቄ» ብሎ ሰርቪስ ሊያስደርጋት ወደ ጋራዥ ይወስዳታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መኪናዋ ምንም አልሆነችም።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ከሰርቪሱ ሥራዎች ትንሹን፣ ካንዴላ መፍታትን፣ መውሰድ ይበቃል። ካንዴላ ላይኛው ክፍሉ ነጭ ሸክላ፣ ታችኛው ጥርስ የወጣለት ብረት የሆነ፣ ከጣት ብዙ የማይረዝም ዕቃ ሲሆን፣ ተጠምዝዞ የሚገባው በቴስታታው ውስጥ ነው፤ ቴስታታ የሚባለውም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚገጥመውና ቫልቮቹን የተሸከመው የሞተሩ ክፍል ነው። የዲኤክስ ቴስታታ ከአሉሚኒየም፣ የካንዴላው ጥርስ ግን ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ፣ ሁለቱ ተቆላልፈው ለዓመታት ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ይኖራሉ፣ በመካከላቸውም ጥቀርሻ ይገባል፣ በመጨረሻ የትኛው ጥርስ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ደንቡ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅን ያዝዛል፤ ባለ መኪናው ግን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ መካነ ብርሃን ላይ ለእርሱ ተብሎ በግ እንደታሰረ ያስባል፣ በየመካከሉም «አልደረሰም?» ይላል።

ሜካኒኩ መፍቻውን ያስገባል። የመጀመሪያው ካንዴላ ይፈታል፣ ሁለተኛውም ይፈታል፤ ሦስተኛው እምቢ ብሎ ከቆየ በኋላ በድንገት እሺ ይላል፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ከእምቢታ ይልቅ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ድንገተኛ እሺታ ነው። ካንዴላው ወጥቶ በብርሃን ሲታይ በጥርሶቹ መካከል ቀጭን የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞበታል፤ ይህም የወጣው ካንዴላው ብቻ ሳይሆን የቴስታታው ጥርስ ጭምር መሆኑን ያሳያል። ሜካኒኩ ክሩን በጥፍሩ ፈልቅቆ ለረዳቱ ያሳየዋል፤ ረዳቱ ቀና ብሎ ባለ መኪናውን ያይና መልሶ ያቀረቅራል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች፤ ትንሽ ናት።»

ይህ መልስ ከብልሽቱ ስፋት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚለካው ባለ መኪናው በአንድ ጊዜ ምን ያህል መስማት እንደሚችል ነው።

የተበላ ጥርስ መልሶ ስለማይበቅል፣ መፍትሔው ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ የወጣለት ቡሽ፣ ማለትም ከውስጥ የሚገባ የብረት ቀለበት፣ መትከል ነው፤ ሥራው የሚሠራውም ብረት በሚቀርጸው በቶርኖ ቤት ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት እንዲሄድ መውረድ አለበት፤ እንዲወርድ ደግሞ ካርቡራተሩ፣ የራዲያተሩ ጎማዎችና የጭስ ማውጫው መለያየት አለባቸው፤ የጭስ ማውጫው ብሎኖች ለዐርባ ዓመት ገደማ በሙቀት የተጋገሩ በመሆናቸው ከመካከላቸው ሁለቱ ከመፈታት መቆረጥን ይመርጣሉ። በዚህ ዓይነት ጠዋት ለዘይት ቅያሪ የተጀመረው ሥራ ከምሳ በፊት ሞተሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ ዘይቱ ግን ገና አልተቀየረም።

እዚህ ላይ የአገራችን ጋራዦች ሁሉ የሚተዳደሩበት፣ በየትኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ያልወጣ ሕግ ሥራውን ይጀምራል፤ ሕጉም «ከተፈታ አይቀር» ይባላል። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ የመኪና ክፍል በማናቸውም ምክንያት ከተፈታ፣ አጠገቡ ያለውን ሳይነኩ መልሶ መግጠም ድካምንና ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ለክርክሩ መልስ አይገኝለትም፤ በየእርምጃው ትክክል ነው፣ በድምሩ ግን ባለ መኪናውን ራቁቱን ያስቀረዋል። ቴስታታው ከወረደ አይቀር ቫልቮቹ ይሞረዳሉ፤ ቫልቮቹ ከወጡ አይቀር ዘይት የሚከለክሉት ጎሚኒዎች ይቀየራሉ፤ ራዲያተሩ ከተለየ አይቀር ይታጠባል፣ ሲታጠብም ቀዳዳዎቹን ደፍኖ የኖረው ቆሻሻ ስለሚለቅ ማፍሰስ ይጀምራል። ከሁሉም የሚረቀው የፋሻዎቹ ነገር ነው፤ ፋሻ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያገጣጥሙት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ሲሆኑ፣ የተሞረዱት ቫልቮች ከላይ አጥብቀው መዝጋት ሲጀምሩ ያረጁት ፋሻዎች አዲሱን ግፊት መቋቋም ያቅታቸውና መኪናዋ ከዚያ በፊት የማታውቀውን ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። የሞተር ላይኛው ክፍል ሲታደስ የታችኛው እርጅና እንደሚገለጥ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሜካኒኮች ያውቃሉ፤ ለባለ መኪናው ግን ይህን ማስረዳት አይቻልም፤ እርሱ የሚያውቀው ሲያመጣት እንዳላጨሰች ነው፣ እውነቱንም ነው።

ለዛሬው ሜካኒክ ፈተና ከሚሆኑበት ነገሮች ዋነኞቹ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሜካኒኮች ናቸው። ዐርባ ዓመት የኖረች ዲኤክስ በብዙ እጅ ያለፈች ስለሆነች፣ ሰርቪስ የሚሠራላት ሰው ሳይወድ የታሪክ ተመራማሪ ይሆናል። በቤንዚን ታንከሩ ሥር የተለጠፈ የደረቀ ሳሙና ካገኘ፣ አንድ ሰው ከስንት ዘመን በፊት በመንገድ ላይ ቀዳዳ እንደደፈነ ይረዳል፤ ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ ዘዴው በእርግጥ ብልሃት አለው፤ ጥፋቱ እስከ ከተማ ድረስ ተብሎ የተደረገው ለትውልድ መቆየቱ ነው። የሞተሩ ውኃ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን ቴርሞስታት በቦታው ካጣው ደግሞ፣ መኪና ያስፈላል ተብሎ ተነቅሎ እንደተጣለ ያውቃል፤ በቆላ ይህ ችግሩ ላይታይ ይችላል፣ በደባርቅ ብርድ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅም ይበላል። የአንዱ ብሎን ራስ ከልኩ ውጪ በሆነ መፍቻ ተልጦ ክብ ሆኗል፤ ሌላው ብሎን ከሌላ መኪና የተወሰደ ስለሆነ ርዝመቱ አይገጥምም፤ ሦስተኛው ፈጽሞ የለም፣ በምትኩ ሽቦ ታስሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መኪና ሳያይ እንደሞተ ግልጽ ቢሆንም፣ ጋራዡን የሚያህል ማስረጃ የሚያገኝ አይመስልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለዋወጫ ነገር ነው። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ መልሶ አይገጠምም፤ ጎንደር ላይ የተገኘው የሌላ ሞተር ሆኖ ከተመለሰ ፍለጋው እስከ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ይሄዳል። ሶማሌ ተራ የአሮጌና የአዲስ መኪና ዕቃ ገበያ ሲሆን፣ ማታ የጎን መስተዋቱ፣ ማለትም ስፖኪዮው፣ የተነቀለበት ሰው ጠዋት ሄዶ የገዛ ዕቃውን መልሶ ይገዛበታል ተብሎ የሚቀለድበት ሰፈር ነው። ዕቃው በስልክ ይታዘዛል፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይላካል፣ ባለ መኪናውም መናኸሪያ ቆሞ የሚጠብቀው ዘመድ እንደመጣ እየዘለለ በየመስኮቱ ያያል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ የተሰኘችውን መኪና ከጅቡቲ ነድቶ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመንገዱ ሁሉ አንድም ጋራዥ አልነበረም፤ ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ይቻላል፣ ነገር ግን ባይኖር ነው በዚያው ዓመት የደረሰው የሚል ሰውም አይጠፋም።

ዕቃው መጥቶ፣ ሞተሩ ተገጥሞ፣ ዘይቱም በመጨረሻ ተቀይሮ መኪናዋ ስትነሣ፣ ሜካኒኩ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ጆሮውን አዘንብሎ፣ በካቻቢቴ ብሎኗን ሩብ ዙር ወደዚህ ሩብ ዙር ወደዚያ እያለ ያስተካክለዋል። በዚህ ሥራ ከጎንደር ሜካኒኮች ብዙዎቹ የሚደነቅ ጆሮ አላቸው፤ ችግሩ ጆሯቸው የሚሰማው ጎንደርን መሆኑ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በውስጧ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ መካነ ብርሃን የሚሻገረው የፓርኩ መንገድ ደግሞ በቧሂት ትከሻ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚያ አየሩ ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ እርሱ ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ያፈስሳል። በጎንደር ልክ የነበረው ቅልቅል ቧሂት ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያ ሁሉ መከራ የታየባቸው ካንዴላዎች ይጠቁራሉ፣ ዲኤክስም ጥቁር ጭስ እያስከተለች በአንደኛ ማርሽ ትንቀረፈፋለች። በዳገቱ ዳር ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ባለ መኪናው በስልክ ሲያማርር ሜካኒኩ «እኔ ዘንድ ደህና ነበረች» ይላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ማምለጫ ቢቆጠርም በፊዚክስ ሚዛን ሲታይ አንዲት ሐሰት የለበትም።

ውኃውም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ጎንደር ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ በቧሂት መሻገሪያ ላይ ለመፍላት 86 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ይህን የሚከላከለው ግፊት አምቆ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ የደረቀ ከሆነ ግን የታጠበው፣ የተበየደውና የተመሰገነው ራዲያተር በእንፋሎት ይሸፈናል። ከሰርቪሱ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ይኸው ክዳን ሲሆን፣ ማንም ያላየውም እርሱን ብቻ ነው፤ ለምን ቢባል ለመክፈት መፍቻ አይጠይቅም፣ በእጅ የሚከፈተውን ደግሞ «ከተፈታ አይቀር» አይመለከተውም።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ማለት ይገባል። ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ በኋላ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባው፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ከሥጋቶቹ አንዱ ነበር፤ ከደባርቅ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ከፓርኩ ውጪ እንዲዞር ሲጠየቅ ቆይቶ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ለዋልያ ይህን ያህል መታሰቡ ተገቢ ነው፤ ለባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናን ክብደት ለሚሸከመው ንብርብር ብረት፣ የቆመ ዓለም አቀፍ ድርጅት ግን እስካሁን የለም። በዚህ መንገድ የሚመላለሱት የጭነት አይሱዙ ሾፌሮች ስለ ሰርቪስ ያላቸው አመለካከት ከባለ ዲኤክሱ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እነርሱ የሚፈቱት የተሰበረውን ብቻ ነው፣ ያልተሰበረውን አይነኩም። ረዳቱ ታኮውን፣ ማለትም ጎማው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚደገፍበትን ድንጋይ ወይም ግንድ፣ ይዞ ወርዶ ይሮጣል፤ ሾፌሩ ከመሪው ሳይወርድ የማርሹን ድምፅ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ሥራው ሲያልቅም ድንጋዩ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። ዝቅ ተደርጋ የተሠራችው ዲኤክስ የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበትን ኮፓ የምታስመታው ብዙውን ጊዜ በዚያ በቀረው ድንጋይ ነው።

መኪናዋ ይህን ሁሉ አልፋ፣ በጉም ተበልቶ፣ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ለዓመታዊ ምርመራ ትቀርባለች፤ ምርመራውን ያለፈ መኪና መስታወቱ ላይ የሚለጠፍለት ወረቀት ቦሎ ይባላል። ባለቤቷ ስለ ቴስታታው ቡሽ፣ ስለ አዲሱ ጓርኒሲዮንና ስለ ሰማያዊው ጭስ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያጠና ሰንብቷል፤ መርማሪው ግን መብራቱን ያያል፣ ፍሬኑን ይፈትሻል፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ ዞር ብሎም የግራው ስፖኪዮ እንደሌለ ይነግረዋል። ሞተሯ ተፈትቶ ውጪ ባደረችባቸው ሌሊቶች በአንዱ ተነቅሎ ኖሯል፤ በሰርቪሱ ትርምስ ያስተዋለው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ባለ መኪናው ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ሻጩ ኦርጅናል ነው፣ ከሰሜን በኩል ትናንት በአውቶቡስ የመጣ ነው ብሎ ይምልለታል፤ ተከራክሮ ይገዛል፤ ቤቱ ደርሶ ሲገጥመው የቀኝ ነው።